ፊደል እያለን በሰው ፊደል እስከ መቼ እንመዘገባለን?

ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ የቤት ዕቃ የሚሠራ ጎረቤቴ ሰሞኑን ወረቀቱን ታቅፎ መጣ። ለሱቁ ድረ ገጽ ካሠራ ዓመታት አልፈዋል። የይለፍ ቃሉ ጠፋበትና ስሙን የሸጠለትን የውጭ ድርጅት ቢጠይቅ «ባለቤት ለመሆንህ ማስረጃ አምጣ» አሉት። ፓስፖርቱን ላከ። «መዝገባችን ላይ ያለው ሰው ሌላ ነው» አሉት። ወይ ጉድ! ሰውየው ያው ነው። ስሙ በ«ፀ» ይጀምራል፤ ድረ ገጹን የሠራለት ልጅ በ«ቲ-ኤስ» መዝግቦታል፣ ፓስፖርቱ ላይ ደግሞ በ«ኤስ» ብቻ ተጽፏል። እንግዲህ ሰው ከገዛ ስሙ ጋር ተካሰሰ ማለት ይኼ ነው።

የድረ ገጽ ስም የገዛ ሰው ማንነቱና አድራሻው በመዝገብ ይሰፍራል። የመዝገቡ መጠየቂያ «ሁ ኢዝ» እ.ኤ.አ. በ1982 ሲወጣ የተሠራው ለላቲን ፊደል ነበር። ይሁን፣ ያኔ ነው። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ «አርዳፕ» የሚባል ተተኪ ወጣ፤ እሱ የማንንም አገር ፊደል ይሸከማል። የስሞቹ ዓለም አቀፍ ተቆጣጣሪ አይካንም እንደ ዶት ኮም ያሉ ስሞችን ለሚመዘግቡ ድርጅቶች «ሁ ኢዝ»ን የማቅረብ ግዴታን ከጥር 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አንስቷል። ስለዚህ «ማሽኑ አይቀበልም» የምትለዋ ሰበብ ሞታለች፤ የቀረው ቀብሯ ነው።

ታዲያ ምን ያዘን? አይካን በዚያው በ2015 መረጃው ሁሉ በግዴታ ወደ ላቲን ይገልበጥ የሚለውን ሐሳብ ሳይቀበል ቀርቷል። ሰው መዝጋቢው በሚደግፈው ቋንቋ ይመዝገብ ነው ያለው። ቁም ነገሩ «በሚደግፈው» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። አማርኛ ደጋፊ ከሌለው ፈቃዱ ለማን ይጠቅማል?

«ፈረንጅ እንዴት ያነበዋል?» የሚሉ አሉ። ላቲኑ ይቅር ማን አለ? የፋይዳ መታወቂያ ላይ አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን ተጽፈው የለም እንዴ!

እውነቱን ለመናገር የእኛም ጓዳ ንጹሕ አይደለም። የጎረቤቴ ንግድ ፈቃድ ላይ ስሙ በ«ጸ» ነው የተጻፈው። ለእኛ አንድ ድምፅ፣ ለኮምፒዩተር ሁለት ፊደል። ሀ፣ ሐ፣ ኀ እንደዚያው። አይካን እ.ኤ.አ. በ2017 ለከፍተኛ ስሞች ባወጣው ደንብ የግዕዝ ፊደልን አካቷል። ለባለቤቶች ስም ግን ሞክሼ ፊደላቱን እንደ አንድ የሚቆጥር አሠራር ከሌለ አቤቱታው ከ«ቲ-ኤስ» ወደ «ፀ» ይዛወራል እንጂ አይቀርም።

ዶት ኢቲን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። የውጭውን ማዘዝ ባንችል የደጃችንን መጠየቅ እንችላለን። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 5 ቋንቋዎች ሁሉ እኩል የመንግሥት እውቅና አላቸው ይላል። እንግዲያው አማርኛና ትግርኛው በፊደል፣ ኦሮምኛው በቁቤ፣ ባለቤቱ ራሱ በሚጽፈው መንገድ ይመዝገብ፤ የላቲኑ ቅጂ ከጎኑ ይቀመጥ። ይኼ በጀት የሚያናጋ ጥያቄ ነው?

ጎረቤቴ ተስፋ ቆርጦ አዲስ ስም ሊገዛ ነው። ቅጹን ይዞልኝ መጣ። «የቤተሰብ ስም» የሚለው ላይ የአባቱን ይጻፍ የአያቱን አላወቀም። «የመንገድ ቁጥር» የሚለው ላይማ ተሳሳቅን፤ የእሱ አድራሻ «ከመብራት ኃይል ወደ ውስጥ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ» ነው።