«አገርሽ የት ነው?» ጡረታ ይውጣ!

ሐዋሳ የሥልጠና ከተማ ናት። ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች ባንዱ አዳራሽ ተቀምጦ የማያውቅ ሠራተኛ ካለ እጁን ያውጣ። አሠልጣኙ «እስቲ እንፍታታ» ይላል፤ «እንስሳ ብትሆኑ ምን ትሆናላችሁ?» አንበሳው ይበዛል። (አህያ ልሁን ያለ እስካሁን አላጋጠመንም።) ይሁን፣ ይሄ ማንንም አይጎዳም።

የኛ ጠብ ሻይ ሰዓት ላይ ከሚመጣው ጋር ነው፤ «አገርሽ የት ነው?» «ሐዋሳ» ብንል አይበቃም። «እሱማ ገብቶኛል፣ የቤተሰብሽን ነው!» ጠያቂው የሚፈልገው አገራችንን ሳይሆን ብሔራችንን ነው። አያቶቻችን ይህን ሲጠይቁ ዘመድ ፍለጋ ነበር ይሉናል፤ እሺ። ግን በሰኔ 2010 ዓ.ም. በዚህችው ከተማ በሲዳማና በወላይታ ተወላጆች መካከል በተነሣው ግጭት ሰው ሞቷል፣ ብዙዎች ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። ከዚያ ወዲህ መልስ ከመስጠታችን በፊት የጠያቂውን ፊት እናነባለን። ይሄ መተዋወቅ ነው?

ሌላ የሚጠየቅ ጠፍቶ ነው? አሞራ ገደል ስትሄጂ ዓሣውን ጥሬውን ነው ጥብሱን? ባጃጅ ውስጥ ከሹፌሩ ጎን ትቀመጫለሽ? ደሞዝ ወጥቶ በስንተኛው ቀን ነው ሻይ በዱቤ የምትጀምሪው? ይቺን የመጨረሻዋን ሳይዋሽ የመለሰ ባልደረባችን ነው፤ የአያቱን ቀበሌ አንጠይቀውም።