የዓለም የገንዘብ ተቋማት ተሃድሶና ከቦሌ የሚቀሰም ትምህርት

እ.ኤ.አ በ1997 የዓለም ባንክ ዋና የምጣኔ ሀብት ባለሙያ የነበሩት ጆሴፍ ስቲግሊዝ አዲስ አበባን ሲጎበኙ ኢትዮጵያና ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት (አይ ኤም ኤፍ) በውዝግብ ላይ ነበሩ። ከምክንያቶቹ አንዱ አገሪቱ ከአንድ የአሜሪካ ባንክ የወሰደችውንና አውሮፕላን በዋስትና የተያዘበትን ብድር ከመጠባበቂያ የውጭ ምንዛሪዋ ቀድማ መክፈሏ ነበር። የብድሩ ወለድ መጠባበቂያው ከሚያስገኘው ገቢ በእጅጉ ይበልጥ ስለነበር ውሳኔው አትራፊ ነበር። ስቲግሊዝ በ2002 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ የድርጅቱ ቅሬታ በስሌቱ ላይ ሳይሆን ያለእርሱ ይሁንታ በመወሰኑ ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የአበዳሪዎች ስብጥር ተለውጧል። ለዚህም የቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ምስክር ነው። በ2019 የተመረቀውና የማረፊያውን አቅም በዓመት ወደ 22 ሚሊዮን መንገደኞች ያሳደገው የተርሚናል ማስፋፊያ የተገነባው በቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ነው።

ይሁንና የዕዳ ሽግሽግ ሥርዓቱ ከለውጡ ጋር እኩል አልተራመደም። ኢትዮጵያ በቡድን 20 የጋራ ማዕቀፍ እንድትስተናገድ የጠየቀችው በ2021 መጀመሪያ ሲሆን፣ ቻይናና ፈረንሳይ በጋራ ከሚመሩት የአበዳሪዎች ኮሚቴ ጋር በመርህ ደረጃ የተስማማችው በመጋቢት 2025 ነው። አይ ኤም ኤፍ የ3 ነጥብ 4 ቢሊዮን ዶላር ብድር ያጸደቀውም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገበት በሐምሌ 2024 ነበር። ዕዳው ሳይቋጭ የሚያልፍ እያንዳንዱ ዓመት አዲስ ብድር የሚገኝበትን በር ያጠብባል፤ ጫናውም በመጨረሻ የሚያርፈው በዜጋው ላይ ነው።

በሐምሌ 2015 በአዲስ አበባ በተካሄደው ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ለልማት ጉባኤ፣ በማደግ ላይ ያሉ አገሮች በውሳኔ አሰጣጥ ያላቸው ድምፅ እንዲጠናከር ቃል ተገብቶ እንደነበር ይታወሳል። በኅዳር 2024 ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች በአይ ኤም ኤፍ ቦርድ ሦስተኛ መቀመጫ ማግኘታቸውም አንድ እርምጃ ነው። ነገር ግን መቀመጫ ሲጨመር የድምፅ ድርሻ አብሮ አላደገም። አሜሪካ ብቻዋን 85 በመቶ ድምፅ የሚጠይቁ ውሳኔዎችን የማገድ አቅም አላት።

አበዳሪ ሒሳብ የመጠየቅ መብት አለው፤ ተበዳሪም ዕዳውን ለሕዝቡም ሆነ ለአበዳሪው በግልጽ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ሒሳብ መጠየቅና በተበዳሪው ምትክ መወሰን ግን የተለያዩ ናቸው። በመሆኑም ተሃድሶው ለዕዳ ድርድር የተወሰነ የጊዜ ገደብ፣ ለአፍሪካ ተገቢ የድምፅ ድርሻ፣ ለተበዳሪ አገሮችም የመወሰን ነፃነት ሊያረጋግጥ ይገባል።