ሃያ ብር ምን አላት?

ሰሞኑን ለሥራ ጉዳይ ከአዲስ አበባ ወጣ ብዬ በሰነበትኩባት አንዲት ከተማ የከፍተኛ ሊግ ጨዋታ መኖሩን ሰምቼ ወደ ሜዳው አቀናሁ። በር ላይ የቆመው ወጣት 20 ብር ተቀበለኝና «ይግቡ» አለኝ። ትኬት አልሰጠኝም። ጨዋታው ይጀመራል የተባለው 8 ሰዓት ላይ ነበር፤ የተጀመረው ግን ለ9 ሩብ ጉዳይ ሲሆን ነው። አምቡላንስ እየተጠበቀ ነበር አሉ። (ያለ አምቡላንስ አለመጀመሩ ተገቢ ነው። ተገቢ ያልሆነው ስለ አምቡላንሱ የታሰበው 8 ሰዓት ከሞላ በኋላ መሆኑ ነው።) መቀመጫው ፀሐይ ሲጠብሰው የዋለ ሲሚንቶ ነው። የተሰላፊዎች ስም አይነገርም፣ አይለጠፍም፤ አጠገቤ የነበሩት ሰዎች የመስመር አጥቂውን «ያ ቀጭኑ» እያሉ ነበር የሚጠሩት። መጸዳጃ ቤቱ ተቆልፎ ስላገኘሁት ብጠይቅ ቁልፉን የያዘው ሰው ምሳ ወጥቷል ተባልኩ።

ሳላጉረመርም አልቀረሁም መሰለኝ፣ ከጎኔ የነበረ ጎልማሳ ዘወር ብሎ አየኝና «ጋሼ፣ በሃያ ብር ምን አማረዎት? ሃያ ብር ዛሬ ምን አላት?» አለኝ። በዙሪያችን የነበሩት ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ማታ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ምክንያቱም ይህ አባባል የአንድ ቀልደኛ ተመልካች ብቻ አይደለም። ስለ ታችኞቹ ሊጎቻችን ጥያቄ በተነሳ ቁጥር ከኃላፊዎችም፣ ከጋዜጠኞችም፣ ከእኛው ከተመልካቾችም አፍ የሚወጣ መከራከሪያ ነው። ርካሽ ነውና ዝም በሉ ማለት ነው። እኔ ዝም ለማለት አልፈቀድኩም።

እውነት ነው፣ ሃያ ብር ዛሬ አንድ ማኪያቶ አታስጠጣም። ነገር ግን የጨዋታው ዋጋ ሃያ ብር ነው ያለው ማን ነው? በዚያ ቀን ከተጋጠሙት ሁለት ቡድኖች አንዳቸውም የዚያች ከተማ ቡድን አልነበሩም። ከኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ፣ ማለትም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የሀገራችን ሊጎች ቡድኖችን በተመረጡ ከተሞች ሰብስቦ የማጫወትን ሥርዓት ለመዱ። በዚያው ዓመት ፕሪሚየር ሊጉ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ፣ ከጅማ ወደ ባሕር ዳር፣ ከዚያም ወደ ድሬዳዋና ሀዋሳ ሲዘዋወር አይተናል። ለወረርሽኝ ጊዜ የተዘየደው መላ ወረርሽኙ ካለፈ በኋላም ለአዘጋጆች ተመቸ፤ የጉዞ ወጪ ይቀንሳል፣ ለጸጥታ ጥበቃ ይቀልላል፣ ለቴሌቪዥን ቀረጻም ያመቻል። ፕሪሚየር ሊጉ በ2013 ዓ.ም. የስርጭት መብቱን ለ5 ዓመት ለዲኤስቲቪ ስለሸጠ፣ ስታዲየም መግባት ያልቻለው ደጋፊ ቢያንስ በመስኮት የማየት ያህል አግኝቷል። የከፍተኛ ሊግ ደጋፊ ግን ያቺ መስኮት እንኳ የለችውም። ቡድኑ በማያውቀው ከተማ፣ በማያውቀው ሕዝብ ፊት ይጫወታል፤ እሱ ውጤቱን በስልክ ይሰማል። ልከታተል ካለ ዋጋው የአውቶቡስ ደርሶ መልስ፣ የአልጋ፣ የምግብና ከሥራ የቀረበት ቀን ሒሳብ ነው። ሃያዋ ብር የዚህ ሁሉ ጫፍ ናት።

ደግሞስ ክለቡን የሚያኖረው ማን ነው? የክለቦቻችንን ስም ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ሀዋሳ ከተማ፣ አዳማ ከተማ፣ ድሬዳዋ ከተማ። ከስሙ በስተኋላ «ከተማ» የምትለው ቃል ያለ ምክንያት አልተጻፈችም፤ ባለቤቱንና ከፋዩን ትናገራለች። በየደረጃው ያሉት የብዙዎቹ ክለቦቻችን በጀት የሚመደበው ከመንግሥት ካዝና ነው፣ ካዝናው ደግሞ የሚሞላው የዚያች ከተማ ቸርቻሪ፣ አናጺና የባጃጅ ሹፌር ከሚከፍሉት ግብር ነው። ስለዚህ ያ ጎልማሳ በር ላይ ሃያ ብር ሲከፍል ለሁለተኛ ጊዜ መክፈሉ ነው። አንድ ጊዜ ለገቢዎች ጽሕፈት ቤት፣ አንድ ጊዜ ለበረኛው። ደረሰኝ ያገኘው ከመጀመሪያው ብቻ ነው።

የግብሩ ገንዘብ የት ይገባል የሚለውን ለመመለስ ብዙ መድከም አያሻም። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊግ ክለቦችና ፌዴሬሽኑ ተሰብስበው የተጫዋች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ ሲያበጁ፣ በዘወርዋራው የተናገሩት ወጪው ከአቅማቸው በላይ መሆኑን ነበር። ጣሪያው በጠረጴዛ ሥር በሚሰጥ ክፍያ መታለፉ ብዙ ሲያነጋግር ኖሯል። በሌላ በኩል ደመወዝ ለወራት አልተከፈለንም የሚሉ ተጫዋቾች አቤቱታ ከዓመት ዓመት አይጠፋም። በጀቱ ይመደባል፣ ተጫዋቹ አይከፈለውም፣ ተመልካቹ ወንበር የለውም። መሐል ላይ ያለው ሒሳብ ይለጠፍልን ሲባል ደግሞ «በሃያ ብር?» የሚል ሳቅ ይመጣል።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ (ምጣኔ ሀብት አስተማሪ ነው) ይህን ስነግረው «እንግዲያው በነፃ ይግባ በል፤ ከትኬት የሚገኘው ገቢ ከክለቡ ወጪ አንጻር ከቁጥር አይገባም» አለኝ። በሒሳቡ ልክ ሊሆን ይችላል፤ በመፍትሔው ግን አልስማማም። የታችኛው ሊጋችን ሕመም በትክክል ያለው እዚያ ላይ ነው። ክለቡ ተመልካቹ ቢመጣም ባይመጣም በጀቱ አይነካም። የማይፈልጉትን ሰው ማን ያከብራል? ለማን ወንበር ይሠራል፣ ለማንስ መጸዳጃ ቤት ይከፈታል? መግቢያውን ነፃ ብናደርገው ተመልካቹ የቀረችውን አንዲት መብት፣ ከፍያለሁ ብሎ የመጠየቅን መብት ያጣል። እንግዳ ይሆናል፤ እንግዳ ደግሞ የቀረበለትን ነው የሚበላው።

የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን ታሪክ ለአብነት ማንሳት ይቻላል። በ2009 ዓ.ም. ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ፤ የወንዶች ቡድኑም ፈረሰ። ከዓመታት በኋላ እንደገና ተቋቋመ፣ ከከፍተኛ ሊግ አደገ፣ ባደገበት በ2016 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አነሳ። እንደ ስፖርት ውጤት የሚያስደንቅ ነው፤ ተጫዋቾቹንና አሠልጣኞቹን አደንቃለሁ። ነገር ግን አንድ ክለብ በስብሰባ ውሳኔ ሲፈርስ፣ በስብሰባ ውሳኔም ሲመለስ፣ በሁለቱም ጊዜ በር ላይ ትኬት ይቆርጥ የነበረውን ሰው ማን አማከረው?

ይህ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በአዲስ አበባ ስታዲየም ያደግን ሰዎች ሥፍራዎቹን እንዴት እንደምንጠራቸው እናውቃለን፤ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክ፣ ከማን አንሼ፣ ጥላ ፎቅ። ስሞቹ የወጡት ከተመልካቹ አንደበት ነው። ዋጋቸው የተለያየ ነበር፤ ሰውም የከፈለበትን ቦታ የራሱ አድርጎ ስም ያወጣለት፣ ይኮራበትም ነበር። ከማን አንሼ የተቀመጠ ሰው ለምን እንዲያ ብሎ እንደሰየመው ማስረዳት አያስፈልግም። በቅርቡ ያየሁት ሲሚንቶ ግን ስም የለውም።

የባሕር ማዶውን ምሳሌ ስናነሳ ሁሌም ወደ ላይኛው ሊግ እንሮጣለን። የታችኛውን እንይ። በእንግሊዝ አራተኛ እርከን ላይ ለሚደረግ ጨዋታ ከ20 ፓውንድ በላይ መክፈል የተለመደ ነው፤ ደጋፊዎችም በዛብን እያሉ ያጉረመርማሉ። ገነት ነው አልልም። በ1885 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ቡሪ በነሐሴ 2019 እ.ኤ.አ. በባለቤቱ የገንዘብ ቀውስ ምክንያት ከሊጉ ተባርሯል። ከ1989ኙ የሂልስቦሮ እልቂት በኋላ የወጣው የዳኛ ቴይለር ሪፖርት፣ ክለቦች ወንበር አስገባን ብለው ድሃውን በዋጋ እንዳያስወጡት ቢያስጠነቅቅም የላይኛው ሊግ ክለቦች አልሰሙትም። ሆኖም እዚያ ክርክሩ አለ። የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች የግሌዘር ቤተሰብ ክለቡን ሲጠቀልል ተቆጥተው በ2005 እ.ኤ.አ. የራሳቸውን ክለብ ኤፍሲ ዩናይትድን አቋቋሙ፤ የዓመት ትኬቱንም ደጋፊው ከተወሰነ ዝቅተኛ ዋጋ በላይ እንደ አቅሙ እንዲከፍል አደረጉ። ዋጋው ዝቅ ማለቱ አይደለም ትልቁ ነገር። ከፋዩ ዋጋው ሲወሰን ክፍሉ ውስጥ መኖሩ ነው።

የእኛ ወጣት እግር ኳስ አይወድም የሚል ካለ ቅዳሜ ከሰዓት በየሰፈሩ ያሉትን የዲኤስቲቪ ቤቶች ይጎብኝ። ወጣቱ እዚያም ይከፍላል። ለከፈለው ግን ጣሪያ ያገኛል፣ አግዳሚ ወንበር ያገኛል፣ ጨዋታው በተባለው ደቂቃ ይጀመራል፣ የተቀያሪውን ተጫዋች ስም ሳይቀር ያውቃል። «የባዕድ አምልኮ» እያልን የምንሰድበው ልጅ ሒሳብ አዋቂ ነው። (እኔም አርሰናል ነኝ፤ ስለዚህ ስለ ሒሳብ አዋቂነት ብዙ መናገር አልችልም።) ልጁን ወደ ከተማው ሜዳ ለመመለስ ስለ አገር ፍቅር ከመስበክ ይልቅ በሰዓቱ መጀመር ይቀላል።

የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ አይደለም። ዋጋው የታተመበት ቁጥር ያለው ትኬት ይሰጠን። ከጨዋታው በኋላ ስንት ሰው እንደገባና ስንት ብር እንደተሰበሰበ በዚያው በር ላይ ይለጠፍ። የተሰላፊዎቹ ስም በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይዋል። በጎን በር ያለ ክፍያ የሚገባው እንግዳ ማን እንደሆነ ይታወቅ፤ በዚያ ቀን ጥላ ያለው ብቸኛ ሥፍራ የተያዘው በእነርሱ ነበርና። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቡድኖቹ በየከተማቸው፣ በየሜዳቸው ይጫወቱ። የጉዞ ወጪው ይበዛል ከተባለ፣ ያ ወጪ አሁንም አልጠፋም፤ ከክለቡ ትከሻ ወርዶ ደጋፊው ላይ ተጭኗል።

ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ። እውነቱን ለመናገር ሁለተኛው አጋማሽ ጥሩ ነበር፤ «ያ ቀጭኑ» ከመስመር ቆርጦ ገብቶ ያስቆጠራትን ጎል በየትኛውም ቴሌቪዥን ብታዩአት ታጨበጭቡ ነበር። ስሙን እስከ ዛሬ አላወቅሁትም። ስወጣ ወጣቱ በረኛ እዚያው ቆሞ ነበር፤ ትኬቴን እንዲሰጠኝ ጠየቅሁት። ግር ብሎት አየኝ።

«ጨዋታው እኮ አልቋል ጋሼ» አለኝ። «አሁን ምን ያደርግልዎታል?»