የታንኩ ቀለምና የውሃው ሃይላንድ

ጉደር ላይ ዝናቡ ፋታ አልሰጠንም። ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ ልጅ ሁሉ ቤት ውሏል።

ለክረምት ከአዲስ አበባ የመጣው የ15 ዓመት የልጅ ልጄ ከሻንጣው መጀመሪያ ያወጣው ልብሱን ሳይሆን የሚገጣጠም የፕላስቲክ ታንክ ነው። ቲ 55 ይባላል። ከእውነተኛው 35 ጊዜ ስለሚያንስ አካሉ አንድ ስንዝር አይሞላም። በሙጫ ገጣጥሞ ለመጨረስ ሁለት ሳምንት ፈጀበት።

ቀለም መቀባቱ ላይ ሲደርስ፣ «አኮ፣ በብሩሽ አይሆንም። ዥንጉርጉሩ ጠርዝ ላይ ደብዘዝ ማለት አለበት» አለኝ። እንደ እስክሪብቶ የምትያዝ መርጫ አለችው፤ ጋራዥ ውስጥ አይሱዙ ለሚቀባበት መርጫ ታናሽ እህት በሏት። ቀለሙን ወተት እስኪመስል ያቀጥናል። ፈዛዛውን ቢጫ ቀብቶ ካደረቀ በኋላ የመርጫዋን ጫፍ አስጠግቶ አረንጓዴውን በትንሽ በትንሹ ይነፋል። መጀመሪያ አየሩን ይለቃል፣ ቀጥሎ ቀለሙን፤ ሲያቆም ደግሞ ቀለሙን አስቀድሞ ይዘጋል። ካልሆነ ጠብታ ያርፍበታል።

እውነት ለመናገር፣ ታንክ መጫወቻ ሲሆን ደስ አይለኝም። ቢሆንም ስልኩን ጥሎ ለሰዓታት እጁን ሲያሠለጥን ሳይ ዝም አልኩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1915፣ ፈረንሳዮች ሠዓሊዎችን ሰብስበው መድፍ የሚደብቅ ክፍል እንዳቋቋሙ የነገረኝም እሱ ነው።

በሦስተኛው ቀን ዝናቡ ሲበረታ መስኮት ዘግቶ መኝታ ቤት ውስጥ ሲረጭ ዋለ። ማታ ራሱን አመመው፣ አቅለሸለሸው። ወደ በረንዳ አውጥቼው ስመለስ የሦስት ዓመቷ እህቱ መሬት ላይ ተቀምጣ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ በሁለት እጇ ይዛለች። ክዳኑ ተከፍቷል። ውስጡ ያለው ከጋራዥ የገዛው ቲነር ነው። ነጠቅኳት፤ አፏን አሸተትኩ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልቀመሰችም።

ልጁን ስቆጣው አቀርቅሮ ሰማኝና፣ «አኮ፣ ያንቺስ ነጭ ጋዝ?» አለኝ። ዞር ብዬ ባይ ከምድጃው ሥር ያለው ጋዜም በውሃ ሃይላንድ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ እናቶችን ያስተማርኩትን በገዛ ቤቴ ረስቼዋለሁ።

ስለዚህ ለእናንተም ለራሴም ልድገመው።

ቲነር፣ ቤንዚንና ነጭ ጋዝ በውሃም ሆነ በለስላሳ ጠርሙስ አይቀመጡም። በራሳቸው ዕቃ ሆነው፣ ምልክት ተደርጎባቸው፣ ልጅ በማይደርስበት ቦታ ይቆለፍባቸው። ልጅ ከጠጣ በጣት ጉሮሮውን ነክታችሁ አታስመልሱት፤ ሲያስመልስ ወደ ሳንባው ከገባ ጉዳቱ ይብሳል። ወተትም ዘይትም አትስጡ። ጠርሙሱን ይዛችሁ በቶሎ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ቀለም የሚረጭ ልጅ ካላችሁ ነፋስ በሚያገኝ ቦታ፣ ከእሳት ርቆ፣ ነፋሱን ከጀርባው አድርጎ ይርጭ። በኮሮና ጊዜ የለመድነው ማስክ የቲነር ሽታን አያግድም። በውሃ የሚቀጥን ቀለም ቢያገኝ ይሻለዋል፤ እሱም ቢሆን ብናኙ ወደ ሳንባ ስለሚገባ ደጅ መርጨቱ አይቀርም። ቢጫና አረንጓዴ ቀለሞች ደግሞ እርሳስ ሊኖርባቸው ይችላል፤ እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የአገራችን ደንብ በቀለም ውስጥ የሚኖረው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ስሙና ይዘቱ ያልተጻፈበትን ቀለም አትግዙ፤ እጁንም ሳይታጠብ አይብላ።

ታንኩ አልቆ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጧል። የቀረውን በረንዳ ላይ ነው የረጨው። ጋዜም ቢጫ ጀሪካን ተገዝቶለት ከፍ ያለ ቦታ ተሰቅሏል።

እናንተም ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ተነሡና ከምድጃችሁ ሥር ያለውን ጠርሙስ እዩልኝ። ሳምንት በሰላም ያገናኘን።