ስድስት ስሮትል ለቱርቦ ሞተር፦ ጥቅሙ የቱ ጋ ነው?



የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ የሚመረጥበት ሰሞን ነው። ከምህንድስና ተማሪዎቻችን መካከል መኪና የሚወዱት ደግሞ አንድ ክርክር ይዘዋል፤ ቱርቦ ባለው የፈጣን መኪና ሞተር ላይ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱን ስሮትል መግጠም ይጠቅማል ወይስ ለታይታ ነው? ከዐስር ሶላት በኋላ መስጂድ በር ላይ ተጀምሮ የእራት ሰልፍ ላይ የሚቀጥል ክርክር ነው። አንደኛው ወገን «ጂቲ-አር ላይ ካለ ምን ጥያቄ አለው?» ይላል። ሌላው «ቱርቦ ካለ ስድስት ስሮትል ከንቱ ወጪ ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ሁለቱም መልስ የቸኮለ ይመስለናል። ርዕሱን የሚመርጡት ልጆች የዓመት ድካማቸውንና ከኪሳቸው ያዋጡትን ገንዘብ የሚያፈሱበት ስለሆነ፣ ነገሩን ረጋ ብለን እንየው።

ከሌላ ትምህርት ክፍል ለሆናችሁ በአጭሩ እናስረዳ። «ነዳጅ መስጫ» እንበለው እንጂ፣ የቤንዚን መኪና ፔዳል ሲረገጥ የሚከፈተው የአየር መግቢያው ነው። ነዳጁን ኮምፒውተሩ በገባው አየር ልክ መጥኖ ይረጫል። በአየር መግቢያው ቱቦ ውስጥ በዘንግ ላይ የሚዞር ክብ ክዳን አለ፤ ስሮትል የምንለው እሱን ነው። በአብዛኞቹ መኪኖች ላይ አንድ ብቻ ነው። ከእሱ ቀጥሎ የአየር ሳጥን አለ፤ ከሳጥኑ ደግሞ ለየሲሊንደሩ የሚሄዱ ቱቦዎች ይወጣሉ። ስሮትሉን ለየሲሊንደሩ ስናደርግ ግን ክዳኖቹ ሳጥኑን አልፈው ከመግቢያ ቫልቮቹ አጠገብ ይቀመጣሉ። ስድስት ሲሊንደር ካለ ስድስት ክዳን ማለት ነው።

ቱርቦ በሌለው ሞተር ላይ ጥቅሙ አያከራክርም። ስሮትሉ ሲዘጋ ሞተሩ ከክዳኑ በኋላ ያለውን ቦታ እየሳበ ባዶ ያደርገዋል፤ ሲከፈት ያ ቦታ መልሶ መሞላት አለበት። ቦታው ትልቅ ሳጥን ከሆነ ጥቂት ይዘገያል፣ አጭር ቱቦ ከሆነ ግን ወዲያው ይሞላል። ሌላም አለ። ለከፍተኛ ፍጥነት ተብሎ የመግቢያውና የመውጫው ቫልቭ አብረው ለረጅም ጊዜ እንዲከፈቱ በተደረገበት ሞተር ላይ፣ በዝግታ ሲሄድ የተቃጠለ ጋዝ ወደ መግቢያው ይመለሳል። ሲሊንደሮቹ አንድ ሳጥን ከተጋሩ ያንን ጋዝ እየተቀባበሉ ሞተሩ ይንገጫገጫል፤ ለየብቻ ሲሆኑ ግን አንዱ የሌላውን አይበላም። ቢኤምደብልዩ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ኤም3 ላይ ስድስት፣ በ2007ቱ ስምንት ሲሊንደር ኤም3 ላይ ደግሞ ስምንት ስሮትል የገጠመው ለዚህ ነው።

ቱርቦ ሲጨመር ሒሳቡ ይለወጣል። ቱርቦ በጭስ ማውጫው ጋዝ ጉልበት የሚሽከረከር የአየር መጭመቂያ ነው። ቱርቦው ተኝቶ ከሆነ፣ ስሮትሉ የቱንም ያህል ለቫልቩ ቢቀርብ ከኋላው የሚጠብቀው የታመቀ አየር የለም። የቱርቦ ሞተር ሠሪዎች ደግሞ ሁለቱ ቫልቮች አብረው ለረጅም ጊዜ እንዲከፈቱ ብዙም አይፈልጉም፤ በጭስ ማውጫው በኩል ያለው ግፊት ከመግቢያው ሲበልጥ ጋዙ ወደ ኋላ ይገፋልና። ስለዚህ ሁለተኛው ጥቅም ግማሹ ከመነሻው አያስፈልግም።

የመጀመሪያውን ጥቅም በቁጥር እንየው። የኒሳን ስካይላይን ጂቲ-አር ሞተር (አርቢ26) 2568 ሲሲ ነው። ባለ አራት ምት ሞተር በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ ሙሉ መጠኑን ይስባል። በደቂቃ 3000 ዙር ሲሄድ በሰከንድ 25 ጊዜ ይስባል ማለት ነው፤ በሰከንድ 64 ሊትር ገደማ። ከአንዱ ስሮትል በኋላ ያለው ሳጥን 3 ሊትር ይይዛል ብለን ብንነሳ፣ ያ መጠን ለዚህ ሞተር የሰከንድ አንድ ሃያኛ ያህል ፍጆታ ብቻ ነው። የተኛ ቱርቦ ሙሉ ግፊት እስኪሰጥ ግን ሰከንድና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። ከሰከንድ ላይ አንድ ሃያኛ ለማዳን ስድስት ክዳን ከነዘንጎቹና ከነማስተካከያዎቹ? «ከንቱ ወጪ ነው» የሚለው ወገን እዚህ ላይ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

ግን ገና አላለቀም። ያ ሒሳብ የሚሠራው ቱርቦው ተኝቶ ሲነሳ ብቻ ነው። ሹፌሩ ማርሽ ሊቀይር ለአፍታ እግሩን ሲያነሳ፣ ወይም ኩርባ ውስጥ ገብቶ ፔዳሉን ሲነካካ ቱርቦው ገና እየተሽከረከረ ነው። አንድ ስሮትል ብቻ ካለ በዚያች ቅጽበት ሞተሩ ሳጥኑን በሙሉ ይስበዋል፣ ከዚያ እንደገና ይሞላል። ስሮትሎቹ ከቫልቮቹ አጠገብ ከሆኑ ግን ሳጥኑ ከክዳኖቹ በፊት ስለሚቀር አይሳብም፤ ክዳኖቹ ሲከፈቱ አየሩ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። የቱርቦው መዘግየት አጭር በሆነበት በዚህ ሰዓት የሰከንድ አንድ ሃያኛ ትልቅ ድርሻ አላት። እግሩን በአንድ ዙር መቶ ጊዜ የሚያነሳና የሚጥል ተወዳዳሪ ይህን በደንብ ያውቀዋል።

ጂቲ-አር የተሠራውም ለእንዲህ ዓይነቱ ሹፌር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው አር32 የታለመው «ግሩፕ ኤ» ለሚባለው ውድድር ነው። በዚያ ሕግ አንድ መኪና ለመወዳደር ቢያንስ 5000 ተሠርቶ ለገበያ መቅረብ ነበረበት፤ በመንገዱ መኪና ላይ የሌለን ነገር በውድድሩ መኪና ላይ እንደ ልብ መጨመርም አይፈቀድም። የሞተሩ መጠን ራሱ ከሕጉ የተቀዳ ነው። ቱርቦ ያለው ሞተር መጠኑ በ1.7 እየተባዛ ይመደብ ስለነበር 2568 ሲሲው ወደ 4366 ይሆንና ከ4500 በታች ባለው ምድብ ይገባል። ስለዚህ ስድስቱ ስሮትል ገበያ ወጥቶ አትክልት ለሚገዛ ሰው የታሰበ አልነበረም፤ ለሩጫው አስፈላጊ ስለነበር ገዢውም አብሮ ደረሰው። ውጤቱ ይታወቃል። ከ1990 እስከ 1993 በጃፓን የቱሪንግ መኪና ሻምፒዮና 29 ውድድር ገብቶ 29ኙንም አሸነፈ፤ አውስትራሊያ ባተርስት ላይ በ1991 እና በ1992 አንደኛ ወጣ። ይህ ሁሉ ግን የስሮትሎቹ ሥራ ብቻ አይደለም። ሁለት ቱርቦና በኮምፒውተር የሚታዘዝ የአራት ጎማ ኃይል ነበረው። ድሉን ለስድስት ክዳን የሚሰጥ ሰው ነገሩን አቅልሎታል።

ለዚህ ወንድሙን ማየት ይበቃል። ኒሳን እ.ኤ.አ. በ1990 ፑልሳር ጂቲአይ-አርን ለዓለም ራሊ አወጣ፦ ሁለት ሊትር፣ ቱርቦ፣ አራት ሲሊንደር፣ አራት ስሮትል፣ የአራት ጎማ ኃይል። በወረቀት ላይ ያው አሠራር ነው። በራሊው ግን ጂቲ-አር በአስፋልቱ ያገኘውን ክብር አላገኘም። የታመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር የተቀመጠው ከጋለው ሞተር አናት ላይ ነው። አየሩ ሞቆ ከመጣ የመጨረሻውን በር በአራት ክዳን ብታሳምረው ምን ይረባል?

«ድምፁስ?» የሚል አይጠፋም። ያ የሚያገሳ ድምፅ የሚመጣው ቱርቦ ከሌለው ሞተር ነው፤ የመለከት አፍ ያላቸው ቱቦዎች ለአየር ክፍት ስለሆኑ። በቱርቦ ሞተር ላይ ቱቦዎቹ ግፊት በያዘ ሳጥን ውስጥ ታሽገዋል። ለድምፅ ብሎ የሚገዛ ሰው ድምፁንም አያገኝም።

ወደ አስቸጋሪው ክፍል እንምጣ፤ ፕሮጀክት የሚሠሩት ልጆች የሚወድቁት እዚህ ነውና። ኮምፒውተሩ የገባውን አየር እንዴት ይለካ? በተለመደው ሞተር በሳጥኑ ውስጥ ያለውን ግፊት አይቶ ያሰላል። ለየሲሊንደሩ ስሮትል ሲኖር ግን ከክዳኑ በኋላ ያለችው ቦታ ጠባብ ስለሆነች ግፊቱ ከየምቱ ጋር ይዘላል፤ ክዳኑ ትንሽ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ንባቡ ብዙም አይለወጥም። ቱርቦ በሌለው ሞተር ላይ ሰዎች ይህን ትተው በክዳኑ አንግልና በዙሩ ብቻ ያሰላሉ። በቱርቦ ግን በአንድ አንግል ግፊቱ አንድ ጊዜ ዝቅ፣ አንድ ጊዜ ከፍ ያለ ስለሆነ አንግሉ ብቻውን ይዋሻል፤ ሁለቱን አዋህዶ ማስላት ግድ ይሆናል። ኒሳን ጣጣውን ያለፈው ከቱርቦዎቹ በፊት ሁለት የአየር ፍሰት መለኪያ በመግጠም ነው። ይህም ሆኖ ስድስቱ ክዳኖች እኩል ካልተከፈቱ አንዱ ሲሊንደር ብዙ፣ ሌላው ጥቂት አየር ይወስዳል፤ ነዳጁ ግን ለሁሉም እኩል ይረጫል። ብዙ ካርቡሬተር ያለው አሮጌ ሞተር አስተካክሎ የሚያውቅ የጋራዥ ባለሙያ ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል፤ ያ ሁሉ ጣጣ ከነግፊቱ ተመልሶ መምጣቱ ነው።

እዚህ አገር ደግሞ የራሳችን ጉዳይ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያንሳል። ያንን የጎደለ አየር ሊመልስ የሚችለው ቱርቦ እንጂ ስሮትል አይደለም። ስሮትል አየርን ይከለክላል ወይም ያሳልፋል፤ አይጨምርም። እንዲያውም ቱርቦው እዚህ ያንኑ ግፊት ለመስጠት የበለጠ መሽከርከር ስላለበት፣ ዋናው መዘግየት ከስሮትሉ ይልቅ እሱ ጋ የመሆኑ ዕድል ይጨምራል።

«ታዲያ ፋብሪካዎቹ ለምን ተዉት?» ለሚለው መልሱ ግማሹ ወጪና የብክለት ሕግ ነው። በ2007 የመጣው ጂቲ-አር፣ ቪ6 ባለ ሁለት ቱርቦ፣ ለእያንዳንዱ ጎን አንድ፣ በድምሩ ሁለት ስሮትል ብቻ ይዞ ወጣ። ሌላው ግማሽ ግን የበለጠ ይማርካል። ቢኤምደብልዩ እ.ኤ.አ. በ2014 ኤም3ን ወደ ቱርቦ ሲያሻግር የየሲሊንደሩን ክዳን አስቀርቶ አንድ አደረገው፤ የአየሩን መጠን የመቆጣጠሩን ሥራ ግን በአብዛኛው «ቫልቭትሮኒክ» ለሚባለው አሠራር ሰጠው። መግቢያው ቫልቭ ራሱ ብዙ ወይም ጥቂት እየተነሳ አየሩን ይመጥናል። የአየሩ መቆጣጠሪያ ከሲሊንደሩ በር አጠገብ ሳይሆን በሩ ራሱ ላይ ሆነ ማለት ነው። «ከንቱ ነው» የሚሉ ወንድሞቻችን ይህንን እንዲያስቡት እንፈልጋለን። የስድስቱ ስሮትል ሐሳብ ትክክል ስለነበረ ወደ ፊት ሄደ እንጂ አልተጣለም።

በሌላ በኩል ቀጥ ባለ መንገድ ለሚሮጥ መኪና አርቢ26ን የሚያዘጋጁ ሰዎች ስድስቱን ነቅለው አንድ ትልቅ ስሮትል መግጠማቸው የተለመደ ነው። እነሱም ትክክል ናቸው። በዚያ ሩጫ ፔዳሉ አንዴ ተረግጦ እስከ መጨረሻው አይነሳም፤ የማይዘጋ በር ቶሎ ቢከፈት ባይከፈት ለውጥ የለውም።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለወሰነ «ይህ ሁሉ ያለፈበት ነው» የሚሉም አሉ። በመንገዶቻችን ላይ ያሉት የነዳጅ መኪኖች ግን ነገ አይጠፉም። መዘግየት ከየት እንደሚመጣ ለይቶ መለካት የተማረ ልጅ ደግሞ በኤሌክትሪክ መኪናም ላይ ሥራ አያጣም።

ለፕሮጀክቱ ቡድኖች የምንለው ይህ ነው። ስሮትሎቹን ለማስመጣት ገንዘብ ከማዋጣታችሁ በፊት ሁለት የግፊት ሴንሰር ግዙ። አንዱን ከስሮትሉ በፊት፣ ሌላውን ከስሮትሉ በኋላ ግጠሙ፤ የፔዳሉንም ምልክት አብራችሁ መዝግቡ። ቱርቦው ተኝቶ ሳለ አንድ ጊዜ፣ ማርሽ በመቀየር መካከል ሌላ ጊዜ ለኩ። ከስሮትሉ በፊት ያለው ግፊት ዘግይቶ ከመጣ ችግራችሁ ቱርቦው ነው፤ ስድስት ክዳን አይፈታውም፣ ገንዘቡም ኢስራፍ ይሆናል። በፊት ያለው ግፊት ዝግጁ ሆኖ የኋላው ከዘገየ ግን ርዕስ አግኝታችኋል፤ አማካሪያችሁ ፊት የምታቀርቡት ግራፍም አላችሁ።

ግራፉን ለዝግጅት ክፍላችን ብታቀብሉን፣ ኢንሻአላህ በሚቀጥለው እትም ቦታ እንይዝላችኋለን።