አሮጌ የግል ጄት፦ ከዕድሜው ይልቅ መዝገቡ

ታህሳስ 14 ቀን 2018 መቀመጫውን ትሪፖሊ ያደረገው የሊቢያ መንግሥት ጦር ኤታማዦር ሹም ሙሐመድ አል-ሐዳድ ከአንካራ ወደ አገራቸው ሲመለሱ የተሳፈሩበት ጄት ተከስክሶ ከሌሎች 7 ሰዎች ጋር ሕይወታቸው አልፏል። አብራሪዎቹ ከአደጋው በፊት የኤሌክትሪክ ብልሽት እንዳጋጠማቸው አሳውቀው ነበር። አውሮፕላኑ እ.ኤ.አ. በ1988 የተመረተ ፋልኮን 50 ነው።

መንስኤውን መለየት የመርማሪዎች ድርሻ ነው፤ 37 ዓመት ማስቆጠሩ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በአግባቡ የተጠገነ አሮጌ ጄት በሰላም ይበርራል። ይሁንና መንግሥታትም ሆኑ ባለሀብቶች እንዲህ ያለ አውሮፕላን ሲገዙ ወይም ሲከራዩ ምን ይመረምራሉ? የሚለው ጥያቄ መነሳት አለበት።

የመጀመሪያው ወጥመድ ዋጋው ነው። አሮጌ ጄት ከአዲሱ እጅግ በረከሰ ዋጋ ይሸጣል፤ የመለዋወጫውና የጥገናው ዋጋ ግን አብሮ አይረክስም። ፋልኮን 50 ሦስት ሞተሮች አሉት። የሦስቱ ሙሉ እድሳት ከአውሮፕላኑ መግዣ ሊበልጥ ይችላል። በርካሽ የገዛ ሰው ለጥገና ገንዘብ ሲያጥረው ፍተሻን ማዘግየት ይጀምራል። አደጋው የሚፀነሰው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው፣ "ብዙ አልበረረም" የሚለው ማባበያ ነው። ለዓመታት የቆመ አውሮፕላን ብረቱ ይዝጋል፣ የጎማ ማሸጊያዎቹ ይደርቃሉ። ስለዚህ የበረራ ሰዓቱ ብቻ ሳይሆን የተነሳበትና ያረፈበት ብዛት እንዲሁም በዓመታት የሚቆጠሩ ፍተሻዎች መሠራታቸው ይታያል።

ሦስተኛውና ዋነኛው የጥገና መዝገቡ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2025 በአሜሪካ ፊላዴልፊያ ታካሚ ሕፃን ያሳፈረ ሊርጄት 55 ሲከሰከስ መርማሪዎች የድምፅ መቅጃውን አገኙት። መቅጃው ግን የዚያን ቀን በረራ አልቀዳም፤ ምናልባትም ለበርካታ ዓመታት ሳይሠራ እንደቆየ ገለጹ። አደጋውን ያደረሰው መቅጃው ነው ማለት አይደለም። ግን አንድ የደህንነት መሣሪያ ያን ያህል ጊዜ ዝም ሲል ያስተዋለ ከሌለ፣ ሌላ ያልታየ ነገር አለመኖሩን ማን ያረጋግጣል?

መፍትሄው ግልጽ ነው። ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት አውሮፕላኑን ከዚህ ቀደም ጠግኖት የማያውቅ፣ ከሻጩም ጋር ጥቅም የማይጋራ የጥገና ተቋም ይመርምረው። የሞተሩ ውስጥ በካሜራ ይታይ፤ አምራቹና ተቆጣጣሪዎች ያዘዟቸው ማስተካከያዎች መፈጸማቸው በሰነድ ይረጋገጥ። መዝገቡ የተቆራረጠ ከሆነ ዋጋ ማስቀነስ ሳይሆን ግዢውን መተው ይሻላል። የጎደለ ገጽ በቅናሽ አይሞላምና።