የርካሹ ኤርባስ ዋጋ

እ.ኤ.አ. በ2018 የኤስዋቲኒው ንጉሥ ምስዋቲ ሣልሳዊ፣ የታይዋኑ ቻይና ኤርላይንስ ሲያበርረው የኖረ ባለአራት ሞተር ኤርባስ ኤ340-300 ተረከቡ። በወቅቱ የወጡ ዘገባዎች ግዢውን 13 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ከእድሳቱ ጋር ደግሞ 30 ሚሊዮን አድርሰውታል። እንዲህ ያለ ግዢ በተሰማ ቁጥር «አዲሱ እኮ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ነበር፤ ይሄ በነፃ እንደማለት ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህን አባባል መስማት ሰልችቶኛል።

አውሮፕላኑ ያለ ምክንያት አልረከሰም። ባለሁለት ሞተር ውቅያኖስ እንዳያቋርጥ ደንቡ አጥብቆ በያዘበት ዘመን አራት ሞተር ትርፍ ነበረው። ደንቡ ሲላላ፣ ባለሁለት ሞተሩ ቦይንግ 777 ያንኑ መንገድ ባነሰ ነዳጅ ሲበር ገበያው ሸሸ፤ ኤርባስም በ2011 ኤ340ን መሥራት አቆመ። የእኛው የኢትዮጵያ አየር መንገድማ ገና በ1984 ባለሁለት ሞተር 767 ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ድረስ 12 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ያለ ማረፊያ አምጥቷል። ታይ ኤርዌይስ በ2005 በኤ340-500 የጀመረውን የባንኮክ–ኒው ዮርክ በረራ በ2008 ዘጋው፤ አውሮፕላኖቹም በኋላ ከሥራ ሲወጡ ገዢ ሲጠብቁ ለዓመታት ቆሙ።

በቅሎ የሚገዛ ሰው ከዋጋዋ ይልቅ ገብሷን ያሰላል። የንጉሡ ኤ340-300 ታንክ 140 ሺህ ሊትር ያህል ይይዛል፤ ነዳጁ ግን ቢያንስ ለዓይን የሚታይ ወጪ ነው። ሃንጋር ገብታችሁ እዩ። ቴክኒሻኑ በሞተሩ ጎን ባለች ጠባብ ቀዳዳ ቦሮስኮፕ የሚባለውን ቀጭን ካሜራ ይሰዳል። ጓደኛው ሞተሩን ቀስ እያለ ያዞርለታል። እሱ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል፣ እያንዳንዱ ብሌድ ሲያልፍ ስንጥቅና የተቃጠለ ጠርዝ ይፈልጋል። አንዱን ሞተር ሲጨርስ ሦስት ይቀሩታል። አንዱ ለሙሉ እድሳት ከወረደ ሒሳቡ በሚሊዮን ዶላር ነው። ወረቀቱ ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፤ የሚሽከረከረው ዲስክ ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ ስንቴ ተነስቶ ስንቴ እንዳረፈ የሚመሰክረው መዝገብ ከጎደለ፣ አዲስ የሚመስለው ብረት ለበረራ አይሆንም። ብዙው ፍተሻ በቀን መቁጠሪያም ስለሚታሰብ ቆሞ የሚውል አውሮፕላንም ይበላል።

አየር መንገድ ይህን ሁሉ ሦስት መቶ ለሚጠጋ መንገደኛ ያካፍለዋል። የንጉሥ አውሮፕላን የሚያካፍለው የለውም፤ ሙሉው ዕዳ ሕዝቡ ላይ ይወድቃል። ያ ሕዝብ ደግሞ ከአንድ ሚሊዮን ብዙም ያልዘለለ፣ ከአዋቂዎቹ ከአራቱ አንዱ ያህል ኤች አይ ቪ በደሙ ውስጥ ያለበት ነው። በ2019 የኑሮ ውድነት ያማረራቸው የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ጭማሪ ጠይቀው ማንዚኒ ከተማ ላይ ሰልፍ ወጡ። መንግሥት ካዝናው ባዶ ነው አለ፤ ፖሊስም በአስለቃሽ ጭስና በጎማ ጥይት በተናቸው። ንጉሡ አውሮፕላኑን ከተረከቡ ያኔ ሁለት ዓመት አልሞላቸውም ነበር።